ሃያ ፐርሰንት፣ ግን የምኑ?

አንድ ቁጥር በ30 ፐርሰንት ጨምሮ 91 ሆነ። ከመጨመሩ በፊት ስንት ነበር?

ለመግቢያ ፈተና ከሚዘጋጁ ሰዎች ጋር ስቀመጥ ብዙ ጊዜ የምጀምረው በዚህች ጥያቄ ነው። አጭር ናት፤ ቁጥሮቿም አያስፈሩም። አብዛኛው ሰው እርሳሱን አንሥቶ የ91ን 30 ፐርሰንት ያሰላል፤ 27.3 ያገኛል፤ ከ91 ላይ ቀንሶ 63.7 ብሎ ይጽፋል። ስሌቱን ደጋግማችሁ ብትመረምሩት አንድም ስሕተት አታገኙበትም። መልሱ ግን 70 ነው። የ70 30 ፐርሰንት 21 ነውና፣ 70 እና 21 ሲደመሩ 91 ይሆናሉ።

ጥያቄዋን የምወዳት ችግሩ በማባዛትና በመቀነስ ላይ እንዳልሆነ ወዲያው ስለምታሳይ ነው። ያ 30 ፐርሰንት የ91 አይደለም፤ ከጭማሪው በፊት የነበረው፣ እኛ ገና የማናውቀው ቁጥር 30 ፐርሰንት ነው። ፐርሰንት ብቻውን ቆሞ መጠን አይሆንም። ሁልጊዜ የአንድ ነገር ፐርሰንት ነው፤ ያ አንድ ነገር መሠረቱ ነው። ስለ እነዚህ ጥያቄዎች የማምነው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ተፈታኙ «የምኑ?» ብሎ ጠይቆ በትክክል ከመለሰ አልጀብራው ተከትሎ ይመጣል፤ ካልጠየቀ ግን በቃሉ የያዘው ቀመር ሁሉ አያድነውም።

ፈተናዎቹም የሚለኩት ይህንኑ ነው። ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ የሚያገለግለው ኤስኤቲ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሒሳብ ክፍሉ 44 ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ የሚሠሩበት ሆኗል፤ ካልኩሌተርም ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ይፈቀዳል። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ጂአርኢ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ካጠረ በኋላ 27 የሒሳብ ጥያቄዎችን በ47 ደቂቃ ያስፈትናል፤ እሱም በስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር ያቀርባል። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሆነው የጂማት ፈተና የሒሳብ ክፍል 21 ጥያቄዎችን በ45 ደቂቃ ይጠይቃል፤ በዚያ ክፍል ካልኩሌተር የለም። በየትኛውም ቢሆን ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው። ሁለቱ ፈተናዎች ስሌቱን ለማሽን መተዋቸው ብዙ ይናገራል። ማሽኑ 91ን ለ1.3 ለማካፈል ቅጽበት አይፈጅበትም፤ ለ1.3 መካፈል እንዳለበት ግን አያውቅም። ያንን ማወቅ የሰውየው ድርሻ ነው።

በየመለማመጃ መጽሐፉ አንድ የቃላት ሰንጠረዥ ይገኛል። «የ» ካለ አባዛ፣ «ነው» ካለ የእኩል ምልክት አድርግ፣ «ስንት» ካለ ሀ ብለህ ጻፍ፣ «ፐርሰንት» ካለ ለ100 አካፍል ይላል። ሰንጠረዡ ሐሰት አይደለም። «የ80 ስንት ፐርሰንት 12 ነው?» የሚለውን ቃል በቃል ብንከተለው (ሀ/100) × 80 = 12 ይሆናል፤ ሀ ደግሞ 15። እዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ፈተና አውጪዎች ሰንጠረዡን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ጠንከር ያሉትን ጥያቄዎች የሚጽፉት እሱ በማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ሰንጠረዡን የተማመነ ሰው ጥያቄውን ማንበብ ይተዋል። ቃላት ይለቅማል እንጂ ምን ከምን ጋር እየተነጻጸረ እንደሆነ አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት ሰንጠረዡን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምሩትን መምህራን እቃወማለሁ። ቢሰጥ እንኳ መጨረሻ ላይ፣ ማንበብ ከተለመደ በኋላ ይሁን።

ለምሳሌ ይህን እንይ። ሀ እና ለ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሀ ከለ በ25 ፐርሰንት ይበልጣል። ለ ከሀ በስንት ፐርሰንት ያንሳል? ቃላት ለቃሚው 25 ብሎ ያልፋል፤ ብልጫና ማነስ አንድ ርቀት ከሁለት ጫፍ ሲታይ ነው ብሎ ያስባልና። ርቀቱ በእርግጥ አንድ ነው። መሠረቱ ግን ተለወጠ። መጀመሪያ የምንለካው በለ ነበር፤ አሁን የምንለካው በሀ ነው፤ ሀ ደግሞ ትልቁ ነው። ሀ = 1.25ለ ከሆነ፣ ለ = ሀ/1.25 = 0.8ሀ ይሆናል። ስለዚህ ለ ከሀ በ20 ፐርሰንት ያንሳል። ተመሳሳዩ ርቀት በትልቅ መሠረት ሲለካ አነስተኛ ፐርሰንት ሆነ። ይህች አንዲት ጥያቄ በደንብ የገባችው ሰው ከፊል መንገዱን ጨርሷል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በቃላት የተጻፈ ጥያቄ አልጀብራን ለማሳመር የተለጠፈበት ጌጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ታሪኩ የሚነግረን ግን ተቃራኒውን ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ አልጀብራን ሲያብራራ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች አልነበሩትም። ሁሉንም በዐረፍተ ነገር ይጽፍ ነበር፤ ያልታወቀውን ቁጥር በቀላሉ «ነገር» ይለዋል። ከሥራው ሰፊውን ቦታ የያዘው ደግሞ የውርስ ክፍፍል ነው። ከሟች ንብረት ላይ አስቀድሞ ዕዳ ይነሣል፤ ቀጥሎ በኑዛዜ የተሰጠው ይወጣል፤ ወራሾች ድርሻቸውን የሚያገኙት ከቀረው ላይ ነው። ሲሶ ወይም ሩብ ሲባል «የምኑ ሲሶ? ከዕዳው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነበር። የእኩል ምልክትን የዌልስ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድ ያመጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1557 ነው፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንሷ ቪዬት ፊደላትን ለታወቁትም ላልታወቁትም ቁጥሮች በሥርዓት የተጠቀመው በ1591፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ያልታወቁትን በፊደል ገበታው መጨረሻ ባሉት ፊደላት የመሰየምን ልማድ የተከለው ደግሞ በ1637። ከቃል ወደ ምልክት ለመሻገር የሰው ልጅ ከ700 ዓመታት በላይ ፈጅቶበታል። ተፈታኙ ያንን ጉዞ በሁለት ደቂቃ እንዲጓዝ ይጠየቃል፤ ስለዚህ «ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጥያቄውን ወደ እኩልታ መለወጥ ግን ያቅተኛል» የሚለኝን ተማሪ ሰነፍ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ከባዱ ክፍል በእውነት እሱ ነው።

መሠረቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ልማድ አንድ ነው፤ ጭማሪንና ቅናሽን እንደ ማባዛት ማየት። በ20 ፐርሰንት ጨመረ ማለት በ1.2 ተባዛ ማለት ነው። በ20 ፐርሰንት ቀነሰ ማለት በ0.8 ተባዛ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቁጥር በ20 ፐርሰንት ጨምሮ እንደገና በ20 ፐርሰንት ቢቀንስ ወደ ቦታው ይመለሳል? 1.2 × 0.8 = 0.96፤ አይመለስም፤ 4 ፐርሰንት ጎድሎበታል። የጨመረው በትንሹ ቁጥር ላይ ተሰልቶ፣ የቀነሰው በትልቁ ላይ ተሰልቷልና። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ቢቀንስና ኋላ ቢጨምር፣ ያው 0.96 ነው፤ ማባዛት ቅደም ተከተል አይመርጥም።

በፊደል ስናየው ደግሞ ነገሩ ያምራል። ፐርሰንቱ መ ቢሆን (1 + መ/100)(1 − መ/100) = 1 − መ²/10000 ይሆናል። ጉድለቱ መ²/100 ፐርሰንት ነው ማለት ነው። 10 ጨምሮ 10 ሲቀንስ 1 ፐርሰንት ይጎድላል፤ 20 ሲሆን 4፤ 50 ሲሆን 25። ጂአርኢ ሁለት መጠኖችን አቅርቦ «የትኛው ይበልጣል?» የሚልበት የጥያቄ ዓይነት አለው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መ ብቻ ሰጥቶ፣ ቁጥሩን ሳይነግር ሊጠይቅ ይችላል። መ²ን ያየ ሰው፣ ቁጥሩና መ ከዜሮ በላይ እስከሆኑ ድረስ፣ መ ምንም ይሁን ምን ጉድለት መኖሩን ያውቃል። አንድም ቁጥር አያሰላም።

አሁን ወደ ጠንካራው እንሂድ። አንድ ዕቃ በ15 ፐርሰንት ቅናሽ ቀረበ። በቅናሹ ዋጋ ላይ 10 ፐርሰንት ግብር ታከለበት። ገዢው በጠቅላላው ተ ከፈለ። የዕቃው የመጀመሪያ ዋጋ በተ ሲገለጽ የትኛው ነው? አማራጮቹ 0.935ተ፣ 0.95ተ፣ ተ/0.95 እና ተ/0.935 ናቸው።

እንዲህ ያሉ አማራጮችን በጥሞና ማንበብ ያስደስተኛል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው አስተሳሰብ ምስል ነውና። ተ/0.95ን የመረጠው ሰው 15 ቀንሶ 10 ጨምሯል፤ በድምሩ 5 ቀነሰ ብሏል። ሁለቱ ፐርሰንቶች የአንድ መሠረት ቢሆኑ ልክ ነበር። ግብሩ ግን የተሰላው በተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ አይደመሩም፤ ይባዛሉ፤ 0.85 × 1.1 = 0.935። 0.935ተን የመረጠው ይህን በሚገባ አይቶ ሲያበቃ አቅጣጫው ጠፍቶበታል፤ መሠረቱ ያልታወቀው የመጀመሪያ ዋጋ መሆኑን ረስቶ ተን መሠረት አድርጎታል። 0.95ተ ላይ ያለው ሁለቱንም አጣምሯል። ትክክለኛው ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ዋ ብሎ ይሰይማል፤ 0.935ዋ = ተ ብሎ ይጽፋል፤ ዋ = ተ/0.935 ሆኖ ያገኘዋል።

መሰየሙ ላይ ቆም እላለሁ፤ የአልጀብራው ጥቅም እዚያ ላይ ነውና። ተ ተሰጥቶናል፤ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፤ ዓይን ወደ እሱ ይሳባል። ዋ ግን የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ነገር ስም ሰጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ከተሰጠው ቁጥር መሳሳብ ያላቅቃል። ከዚያ በኋላ «15 ፐርሰንቱ የምኑ ነው?» ሲባል የሚጠቆም ፊደል አለ። ጊዜ ያጠረው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፦ 0.935 ከ1 ያንሳል፤ ስለዚህ የተከፈለው ከመጀመሪያው ዋጋ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከተ መብለጥ አለበት። ሁለት አማራጮች ያለምንም ስሌት ወደቁ።

«100 ብለህ ጀምር» የሚለው ብልሃትስ? ብዙዎች እንደ መድኃኒት ያዩታል። ጥሩ ብልሃት ነው፤ አልጠላውም። ምንም ቁጥር ባልተሰጠበትና የሚፈለገው ፐርሰንት ብቻ በሆነበት ጥያቄ 100ን መሠረት አድርጎ መነሣት ጊዜ ይቆጥባል። ችግሩ የትኛውን 100 ማለት እንዳለብን ብልሃቱ አለመናገሩ ነው። የሀ 40 ፐርሰንት ከለ 60 ፐርሰንት ጋር እኩል ነው፤ ሀ የለ ስንት ፐርሰንት ነው? ሀን 100 ያለ ሰው 40 = 0.6ለ ላይ ደርሶ ለ 66.66… ሲሆንበት ይደናገጣል። ለን 100 ቢል ኖሮ 0.4ሀ = 60፣ ሀ = 150 ብሎ በሰላም ይወጣ ነበር። ለን መምረጥ የነበረበት የሚለካው በለ ስለሆነ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ 100 ሳያስፈልገው 0.4ሀ = 0.6ለ ጽፎ ሀ/ለ = 1.5 ብሎ ይጨርሳል። እናም 100ን እንደ ምርኩዝ የያዘው ሰው «የምኑ?» ከሚለው ጥያቄ አላመለጠም።

ከሁሉም በላይ የምወደው መሠረቱ ራሱ የሚንቀሳቀስባቸውን ጥያቄዎች ነው። ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም የሆነ ነገር አለ፤ 99 ፐርሰንቱ ውሃ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ውሃው 98 ፐርሰንት ሆነ። አሁን ስንት ኪሎ ግራም ነው? ሰው ሁሉ 99 አካባቢ ይላል፤ መልሱ 50 ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው አያምንም፤ ባያምንም አልፈርድበትም። ግማሹ ክብደት ሲጠፋ የውሃው ድርሻ በአንድ ነጥብ ብቻ መውረዱ እውነትም ይገርማል።

መውጫው ያልተለወጠውን ፈልጎ እሱን መያዝ ነው። ውሃው ተለውጧል፤ ጠቅላላው ክብደት ተለውጧል፤ ደረቁ ክፍል ግን 1 ኪሎ ግራም እንደነበረ ነው። በመጀመሪያ የጠቅላላው 1 ፐርሰንት ነበር፤ አሁን 2 ፐርሰንት ሆኗል። 0.02ሀ = 1፤ ሀ = 50። ድርሻው ከ1 ወደ 2 ፐርሰንት በእጥፍ ያደገው እሱ ስለጨመረ አይደለም፤ መሠረቱ በግማሽ ስላነሰ ነው።

የድብልቅ ጥያቄዎች ሁሉ የዚህ ዘመዶች ናቸው። 25 ፐርሰንቱ አሲድ የሆነ 40 ሊትር ድብልቅ ላይ ስንት ሊትር ውሃ ቢጨመር አሲዱ 20 ፐርሰንት ይሆናል? ከ25 ወደ 20 መውረድ 5 ነው፤ የ40 5 ፐርሰንት 2 ሊትር ነው የሚለው ፈጣን ሐሳብ ማንንም ሊያታልል ይችላል። አሲዱ ግን 10 ሊትር ሆኖ ይቆያል፤ የሚያድገው ጠቅላላው ነው። 10 = 0.2(40 + ሀ) ብለን ስንጽፍ ሀ 10 ሊትር ይሆናል። በቅንፍ ውስጥ ያለው 40 + ሀ የአዲሱ መሠረት ስም ነው፤ እሱን የጻፈ ሰው ጥያቄውን ፈትቶታል።

አንዳንድ ነገሮች ረጅም ማብራሪያ አይሹም። ከ40 ፐርሰንት ወደ 50 ፐርሰንት ማደግ የ10 ነጥብ ጭማሪ ነው፤ በፐርሰንት ግን የ25 ነው፤ 10 የ40 ሩብ ስለሆነ። ሀ ከለ በ300 ፐርሰንት ይበልጣል ሲባል ሀ የለ አራት እጥፍ ነው፤ ሀ የለ 300 ፐርሰንት ነው ሲባል ደግሞ ሦስት እጥፍ። ካልኩሌተር ለሌለው ተፈታኝ ደግሞ የ25 16 ፐርሰንትና የ16 25 ፐርሰንት አንድ መሆናቸውን ማወቅ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሁለቱም 16 × 25/100 ናቸው፤ የ16 ሩብ 4 መሆኑን ደግሞ ማንም ያውቃል።

ሁለት መሠረቶች ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው ጥያቄዎች ግን ጊዜ ይገባቸዋል። ከአንድ ቡድን አባላት 60 ፐርሰንቱ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 25 ፐርሰንቱ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 50 ፐርሰንቱ መነጽር ያደርጋሉ። መነጽር ከሚያደርጉት ውስጥ ሴቶቹ ስንት ፐርሰንት ናቸው? ጠቅላላውን ሀ እንበለው። መነጽር ያላቸው ሴቶች 0.25 × 0.6ሀ = 0.15ሀ ናቸው፤ ወንዶቹ 0.5 × 0.4ሀ = 0.2ሀ። በድምሩ 0.35ሀ። የሚፈለገው 0.15ሀ ለ0.35ሀ ሲካፈል ነው፤ ሀ ይጠፋል፤ 3/7 ይቀራል፤ ከ43 ፐርሰንት ጥቂት የሚያንስ። አማራጮቹ ውስጥ 15 እና 25 ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም እውነተኛ ፐርሰንቶች ናቸው፤ አንዱ የጠቅላላው ቡድን፣ ሌላው የሴቶቹ። ጥያቄው የጠየቀው የመነጽረኞቹን ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ አንድ ሌላ ጥያቄ እጨምርላቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ ባይመጣም ግድ የለኝም፤ ሐኪም ቤት ሊገጥማቸው ይችላልና። ከ1000 ሰዎች 1 ፐርሰንቱ አንድ በሽታ አለባቸው። ምርመራው በሽታው ካለባቸው 90 ፐርሰንቱን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 10 ፐርሰንቱን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። «አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ በሽታው ያለበት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ሕሙማኑ 10 ናቸው፤ ከእነሱ 9ኙ ይገኛሉ። ጤነኞቹ 990 ናቸው፤ ከእነሱ 99ኙ በስሕተት ይደነግጣሉ። «አለባችሁ» የተባሉት በድምሩ 108 ሰዎች ናቸው፤ ከነዚያ የታመሙት 9 ብቻ፤ 1/12፣ ወደ 8.3 ፐርሰንት። ብዙዎች 90 ብለው የጻፉትን ቁጥር ይሰርዛሉ። የ90 ፐርሰንቱ መሠረት 10ሩ ሕሙማን ነበሩ፤ ውጤቱን በእጁ ይዞ የቆመው ሰው ግን ከ108ቱ አንዱ ነው።